በማይክሮፎን ፊት የሚቆም ሰው ምን ይዞ ይቁም?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)






ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ አንዱ ስለ ሕክምና፣ ሌላው ስለ ምሕንድስና፣ ሦስተኛዋም ስለ እርሻ ትምህርት ሲናገሩ ወላጆች በደስታ ስታጨበጭቡ ሰምቻለሁ። እኔ የመረጥሁት ሙያ ግን በቤታችን ውስጥ ያስነሣው ጭብጨባ ሳይሆን ክርክር ነው። ይኸውም የጋዜጠኝነት ሙያ፣ በተለይም በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚሠራው ነው።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ከመቂና ከባቱ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫኑ ወደ አዳማና ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳሉ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ የማኅበራዊ ሳይንስን መስመር መምረጤንና ወደ ፊትም ጋዜጠኝነት ለማጥናት ማሰቤን በነገርኋቸው ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በጭነት መንገድ ስንገላታ የኖርሁት አንቺ ወሬ ነጋሪ እንድትሆኚ ነውን?» አሉኝ። በዚያን ዕለት መልስ አላገኘሁም። ዛሬ አባቴ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከወላጆች መካከል ተቀምጠዋል። ስለዚህ ይህ ንግግሬ ለእናንተ ለሁላችሁም ቢሆንም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርሳቸው ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ሙያው በአገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ በአጭሩ ልናገር።

ጣልያናዊው ማርኮኒ ያለ ሽቦ የተላከ ምልክት የአትላንቲክን ውቅያኖስ እንዲሻገር ያደረገው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቈጠር፣ በ1935፣ የአገራችን የራዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ በአቃቂ ተመርቆ ሥራ ጀመረ። ወዲያውም የጠላት ወረራ መጣና ሥራው ተሰናከለ፤ ጠላትም ከወጣ በኋላ በ1933 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ራዲዮ በነጻነት እንደ ገና ተከፈተ። ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ።

እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ሆነ፣ ሌላ አንድ ጣቢያ ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ይኸውም የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በአዲስ አበባ ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ የሚባለው ጣቢያ ነው። በየካቲት ወር 1955 ዓ.ም. ተመርቆ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ በብዙ ቋንቋዎች ያሰራጭ ነበር። በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። በዚያ ጣቢያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙያውን ተምረውበታል። ከተማችን ናዝሬት ትባል በነበረበት በዚያ ዘመን አያቴ ባለቤታቸውን ተከትለው በወንጂ ይኖሩ ነበር። የወንጂ የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. በሆላንድ ኩባንያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች በመንደሩ ተሰብስበው ነበርና፣ ማታ ማታ አንድ ራዲዮ ያለው ሰው ደጅ ላይ የኦሮሞው፣ የከምባታው፣ የሐዲያው፣ የአማራው፣ የወላይታው ሰው ተቀምጦ ያዳምጥ እንደ ነበረ አያቴ ይነግሩናል። የሚሰማ የሚያስተረጕም፣ ያልሰማው ደግሞ የሚጠይቅ ነበር። እኔም ሙያውን መጀመሪያ የወደድሁት ከዚህ ከአያቴ ታሪክ የተነሣ ነው።

ከቀደሙት ሰዎች መካከል ደግሞ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሣሁንን ሳላነሣ አላልፍም። የሴት ልጅ ድምፅ ከጓዳ እንዳይወጣ በሚፈለግበት ዘመን በኢትዮጵያ ራዲዮ ተናግረዋል፤ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት ጋዜጠኛ እየተባሉም ይጠራሉ። በኋለኛው ዘመን ደግሞ ወይዘሮ መዓዛ ብሩ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረውን ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን አቋቁመዋል። ስለዚህ ሴት ልጅ በዚህ ሙያ ምን ትሠራለች ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ መልሱን የሰጡት እነዚህ እናቶች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ይህ ነገር ምን ያህል ኀይል እንዳለው እንመልከት።

በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው የራዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል፤ ይህም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ብንል፣ አንድ ቃል ከዚያ ተነሥቶ እዚህ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ሦስት ሺህኛው ክፍል ብቻ ነው። አባቴ በፈጣኑ መንገድ እንኳ ቢሄዱ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይፈጅባቸዋል። ልዩነቱ ግን የፍጥነት ብቻ አይደለም። አባቴ የተሳሳተ ጭነት ይዘው እንደ ሆነ ሞጆ ላይ ስልክ ተደውሎላቸው ሊመለሱ ይችላሉ። አንድ ጊዜ በማይክሮፎን የወጣ ቃል ግን የሚመለስበት ሞጆ የለውም። አባቶቻችን «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ራዲዮ ሳይኖር ነው፤ ራዲዮን ቢያዩ ኖሮ ምን ይሉ ነበር?

ይህ ኀይል ለመልካምም ለክፉም ሲውል ታይቷል። ሁለት ታሪክ ልጥቀስ።

በወሎ በደረሰው ረኀብ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ የራሳችን ጣቢያዎች ዝም ብለው ነበር። ነገሩን ለዓለም የገለጠው ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ ፊልሙ በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን ታየ። የእኛ ሕዝብ ግን ያየው ከዓመት ገደማ በኋላ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ቀን ዋዜማ ነው። ያን ጊዜም ፊልሙ እንዳለ አልቀረበም፤ የቤተ መንግሥት ድግስ የሚያሳይ ሥዕል በመካከሉ ተቀጥሎበት ነበር። እንግዲህ አስቡት። በመጀመሪያ እውነት ተሸሸገ፤ በኋላም እውነት ለሌላ ጕዳይ ማገዶ ሆነ። አሥር ዓመት ካለፈ በኋላም ነገሩ ተደገመ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በሚከበርበት ወራት ረኀቡ እንዳይነገር ተደረገ። ዓለም የሰማው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከኮረም ባነሣው ሥዕልና የቢቢሲው ማይክል በርክ ባሰማው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ እርዳታ ከየአገሩ ጐረፈ። የተረፉት ሰዎች የተረፉት በእህል ነው፤ ነገር ግን እህሉን የጠራው ወሬ ነው። ታዲያ የእናታችንን ረኀብ ጎረቤት ሲናገርላት እኛ ልጆቿ ዝም ማለታችን አያሳፍርምን?

ሁለተኛው ታሪክ የሩዋንዳ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. በኪጋሊ ሚል ኮሊን የሚባል ራዲዮ ተከፈተ። ዘፈኑ ያማረ፣ ጨዋታው የሚያስቅ ስለ ነበረ ወጣቱ ሁሉ ያዳምጠው ነበር። በ1994 ዕልቂቱ በተጀመረ ጊዜ ያው ራዲዮ ሰዎችን በስም እየጠራ፣ ያሉበትንም ስፍራ እያመለከተ ገዳዮችን ይልክባቸው ነበር። በመቶ ቀን ውስጥ ስምንት መቶ ሺህ ገደማ የሚገመት ሕዝብ አለቀ። በ2003 በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከጣቢያው መሥራቾች በሕይወት የተያዙትን ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ ፈረደባቸው። ገጀራ ሳይጨብጥ በማይክሮፎን ብቻ ሰው መግደል እንደሚቻል ያ ፍርድ ቤት ለዓለም አረጋገጠ። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185/2012 ወጥቷል። አዋጅ ግን ነገሩ ከተነገረ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ከመነገሩ በፊት ያለው ዘበኛ የተናጋሪው ኅሊና ብቻ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

እስከዚህ ድረስ የሌሎችን ጥፋት ተናገርሁ። የራሴን ሳልናገር ብቀር ግን በዚህ ቦታ መቆም አይገባኝም። ከጓደኞቼ ብዙዎች ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ወላጆች ግን አልሰማችሁም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ዜና አንባቢ ነበርሁ። አንድ ቀን በስድስት ሰዓት፣ የጠዋቱ ፈረቃ ሲወጣና የከሰዓቱ ሲገባ፣ ግቢው በተማሪ በተሞላበት ጊዜ አንድ ብጣሽ ወረቀት ተሰጠኝ። በወረቀቱ ላይ የአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስም ከነአባቷ ስም ተጽፎ፣ ከክፍል የጠፋውን ካልኩሌተር የወሰደች ስለ ሆነ ወደ ቢሮ ትቅረብ ይላል። ማን ጻፈው ብዬ አልጠየቅሁም። ማን አይቷል ብዬም አልጠየቅሁም። ጕሮሮዬን ጠረግሁ፤ ድምፄን አሳመርሁ፤ አነበብሁት። እንዲያውም ከወረድሁ በኋላ አንድ ጓደኛዬ «ዛሬስ ልክ እንደ ራዲዮ ነው ያነበብሽው» ቢለኝ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ካልኩሌተሩ በላቦራቶሪው መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ማንም አልወሰደውም ነበር። ልጅቱ ግን ስሟ ሲጠራ በበሩ ስትገባ ሰምታ፣ ከዚያው ተመልሳ ወደ ቤቷ ሄዳለች። አራት ቀን ከትምህርት ቀረች። በአምስተኛው ቀን ከክበባችን መምህር ጋር ሆኜ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቷ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። በሩን ከፍተው አስገቡን፤ ቡናም አፈሉልን፤ ክፉ ቃልም አልተናገሩኝም። «ልጄ፣ አንቺ የተናገርሽው በአንድ ደቂቃ ነው። እኔ ግን ጉልት በተቀመጥሁ ቍጥር ለሚጠይቀኝ ሁሉ ስመልስ እውላለሁ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቱንም ይቅርታ ለመንኋት። እርሷም ለረጅም ጊዜ ወደ መሬት ስትመለከት ቆይታ፣ «ስታርሚው ስሜን ከነአባቴ ጥሪው፤ ድምፅሽንም ዝቅ አታድርጊ» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በሰልፍ ላይ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ገልጬ፣ ስሟን ከነአባቷ ጠርቼ፣ እንደ ታዘዝሁት ጮኬ አነበብሁት። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ስሕተቱን የሰማው ሁለቱም ፈረቃ ሲሆን፣ እርማቱን የሰማው የጠዋቱ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሰዓት በኋላም አነበብሁት። የቀረ ተማሪ አለና በማግሥቱም ደገምሁት። ሦስት ቀን በሁለቱም ፈረቃ አነበብሁ። ይህም ሁሉ ሆኖ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ልጅ «ያቺ ካልኩሌተር የወሰደችው» ብሎ ስለ እርሷ ሲያወራ በጆሮዬ ሰማሁ። ስሕተት በአንድ ጊዜ ሁሉ ጋ ይደርሳል፤ እርማት ግን እየለመነ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። ይህን ከመጽሐፍ አልተማርሁትም።

የልጅቱን ስም ዛሬ አልጠራም። አንድ ጊዜ ያለ ፈቃዷ ጠርቼዋለሁና።

ከዚያ በኋላ ከክበቡ ለመውጣት ጠይቄ ነበር። መምህራችን ግን፣ «አሁን ብትወጪ የምትተካሽ ልጅ ይህንኑ ስሕተት ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች፤ አንቺ ግን ዋጋውን ታውቂዋለሽ» ብለው ከለከሉኝ። እኔም ቆየሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በክበባችን ሦስት ጥያቄዎች በካርቶን ተጽፈው ከማይክሮፎኑ በላይ ተለጥፈዋል፤ «ማን ነገረን? እርሱ እንዴት ዐወቀ? ስሙ የሚጠራው ሰው ተጠይቋልን?» የሚሉ ናቸው። ለሦስቱ መልስ ያላገኘ ወረቀት አይነበብም።

እንግዲህ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚዘጋጅ ወጣት ምን ይዞ መገኘት እንደሚገባው፣ እስካሁን የተረዳሁትን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ቋንቋ ነው። አማርኛችን ሲጻፍ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ለይቶ አያሳይም። «ልጁ ይመታል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አላልቶ የሚያነበው ልጁን መቺ ያደርገዋል፤ አጥብቆ የሚያነበው ደግሞ ተመቺ ያደርገዋል። «ገና» የሚለውም ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ የልደት በዓል ነው። ስለዚህ ዜና አንባቢ አስቀድሞ ወረቀቱን ሳያነብና ትርጕሙን ሳይረዳ በማይክሮፎን ፊት ቢቀመጥ መቺውን ከተመቺው ያለዋውጣል። አፋን ኦሮሞ ደግሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ስለሚጽፍ ለአንባቢ ይረዳል፤ ነገር ግን የድምፁን ርዝመት ያልጠበቀ ሰው መሬት የሚለውንና ለስላሳ የሚለውን ቃል አንድ ያደርጋቸዋል። እኛ የአዳማ ልጆች በአንድ ጎዳና ላይ ሁለቱን ቋንቋዎች እየሰማን ማደጋችን እንደ ተራ ነገር ይመስለናል። ይህ ግን ለጋዜጠኛ ትልቅ ሀብት ነው። የኦሮሚያ ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ በከተማችን ተቋቁሞ፣ ዛሬ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ መባሉን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከመቂው ገበሬ ጋር በቋንቋው ተነጋግሮ፣ የነገረውን ሳያጣምም ለሌላው በሌላው ቋንቋ ማሰማት የሚችል ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሰሚውን ማወቅ ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን በጠዋት ስብሰባ ላይ ጮኸን እንድናነብ ስንታዘዝ፣ መምህራችን ከመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጡና ያልሰሙ እንደ ሆነ እጃቸውን ያነሡ ነበር። በቤታችን ደግሞ አኮ የምንላቸው አያቴ አሉ። ማታ ማታ ዜና ማንበብ ስለማመድ የሚያዳምጡኝ እርሳቸው ናቸው። አንድ ቀን እንደ ታላላቆቹ ጋዜጠኞች ለመምሰል እየፈጠንሁ ሳነብ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ ለማን ነው የምትናገሪው?» አሉኝ። «ለሕዝብ ነው አኮ» አልኋቸው። «ሕዝብ እዚህ የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለአያቴ የማይገባ ቃል ከወረቀቴ እያወጣሁ እጥላለሁ። አርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርኩ፣ ማንበብ የማይችለው ሁሉ መጽሐፉን እንዳነበበ ያህል ሆኖ የቀረው፣ ለእያንዳንዱ ሰሚ በየቤቱ ስለ ተናገሩ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ ሰፊ ዕውቀት ነው። ጋዜጠኛ ሐኪም ባይሆንም ሐኪምን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ሒሳብም ያስፈልገዋል፤ የሽንኩርት ዋጋ ከአሥር ብር ወደ ሃያ ብር ቢወጣ ጭማሪው መቶ በመቶ እንጂ ሁለት መቶ በመቶ አይደለም። የዘመን አቈጣጠርም ያስፈልገዋል። የእኛ መስከረምና የውጭው ጥር ስለማይገጥሙ፣ ልዩነቱ አንዳንድ ወር ሰባት፣ አንዳንድ ወር ስምንት ዓመት ይሆናል። ሰዓቱን ሳይለውጥ የሚናገር ሰው ደግሞ ገበሬውን በስድስት ሰዓት ያሳስተዋል።

አራተኛ፣ መብቱንና ግዴታውን ማወቅ ነው። ሐሳብን የመግለጽ መብት በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ተጽፏል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቍጥር 1238/2013ም አለ። መብቱን የማያውቅ ጋዜጠኛ ፈሪ ይሆናል፤ ግዴታውን የማያውቅ ደግሞ ደፋር ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ለሕዝብ አይጠቅሙም።

መንገዱንም በሚመለከት፣ የብሔራዊ ፈተናውን ካለፍን በኋላ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ይሰጣል። እኔ ሐይቅ ዳር ያለችውን ሐዋሳን እመኛለሁ፤ ውጤቴ ይወስነዋል። ታላቅ ጣቢያ ብቻ መመኘት ግን አይገባንም። በስምጥ ሸለቆው ዳር በምዕራብ አርሲ፣ የቆሬ ሕዝብ በአገራችን ከቀደሙት የማኅበረሰብ ራዲዮዎች አንዱን አቋቁሟል። ስለ አንድ የውኃ ጕድጓድ፣ ስለ አንድ የከብት በሽታ፣ ስለ አንድ የጠፋ ልጅ የሚናገር ትንሽ ራዲዮ ከታላቁ ጣቢያ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ካሜራና ማይክሮፎን ያለው ስልክ አለ። ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያለነው ሁላችን ሳንመረቅ አሰራጮች ሆነናል። በካርቶን ላይ የጻፍናቸው ሦስት ጥያቄዎችም ከጋዜጠኛው ይልቅ ዛሬ ለሁላችን የሚያስፈልጉ ሆነዋል።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ ልመለስ።

ባለፈው ክረምት በዕረፍቴ ከአባቴ ጋር ወደ ባቱ ሄጄ ነበር። ገበሬው ቲማቲሙን በእንጨት ሣጥን ሞልቶ አቅርቧል። ላይ ላዩ ቀይ፣ ያማረ፣ የሚያብረቀርቅ ነበረ። ደላላውም «ቶሎ እንጫን፤ ሌላ መኪና እየመጣ ነው» ይላል። አባቴ ግን አንዱን ሣጥን ከመካከል መርጠው አነሡና በሸራ ላይ ገለበጡት። ከሥር ያለው ግማሹ የፈረጠ ነበር። ደላላው ተቈጣ፤ ሌሎች ሹፌሮችም ሳቁባቸው፤ ጊዜውም ሄደ። አባቴ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ አስመርጠው ጫኑ። በመንገድ ላይ «አባዬ፣ ይህን ያህል ለምን ይደክማሉ? ጭነቱ የእርስዎ አይደለም» ብላቸው፣ «ጭነቱ የእኔ አይደለም፤ መኪናው ግን የእኔ ነው። አዳማ ላይ ሲራገፍ የሚሸተው በእኔ መኪና ላይ ነው» አሉኝ።

አባቴ ሆይ፣ እነሆ መልሴ ይህ ነው። ወሬ ነጋሪ ማለት ላይ ላዩን አይቶ የሚጭን ሰው ነው። እኔ ልማረው የምፈልገው ሙያ ግን እርስዎ በባቱ መንገድ ላይ የሚሠሩት ነው። ደላላው ቶሎ ቶሎ ሲል፣ ሌላው መኪና ሲቀድም፣ ሰው ሲስቅ ሣጥኑን ገልብጦ ከሥር ያለውን ማየት ነው። ወሬው የእኔ አይደለም፤ ድምፁ ግን የእኔ ነው። ሲበላሽ የሚሸተው በእኔ ድምፅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሳልገለብጥ ጭኜ፣ የአንዲት ልጅ ስም አበላሽቻለሁ። ሁለተኛ እንዳላደርገው የሚያስተምረኝ ትምህርት ቤት ካለ ወደዚያ ልሂድ ብዬ እጠይቅዎታለሁ።

ለታናናሾቼም አንድ አደራ አለኝ። የሚኒ ሚዲያው ማይክሮፎን ከሰኔ በኋላ በእናንተ እጅ ይሆናል። ያረጀ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ይንጫጫል። ቢለወጥ ደስ ይለናል፤ ወላጆችም እንደምትረዱን ተስፋ አለን። ካርቶኑን ግን አታንሡት። ቢቀደድ በአዲስ ካርቶን ጻፉት።

መምህሮቻችን ሆይ፣ ያነበብነውን በማረማችሁና ያጠፋነውን ሳትሸሽጉ በማሳየታችሁ እናመሰግናችኋለን። ወላጆቻችን ሆይ፣ የእናንተን ላብ በከንቱ እንዳናስቀረው አምላክ ይርዳን። ትምህርት ቤታችንንም ለብዙ ዘመን ይጠብቅልን።